ከሞትሽ በኋላ የቀነስሽው

ውድ እታለም፣

ከሞትሽ ወዲህ ወገብሽ ስድስት ሳንቲሜትር ቀንሷል።

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር አልጠፋኝም። ያንቺ ግን መጠየቂያው አልፏል፤ እኔም «ደህና ነኝ» እንዳልልሽ ይህን ወረቀት ያነሳሁት ደህና ስላልሆንኩ ነው። ስለዚህ ከወገብሽ ጀመርኩ፤ አንቺም ብትሆኚ ቀድመሽ የምትጠይቂኝ እሱን ነበር። አብዳለች እንዳትዪ። ደብተሩ ላይ አለ፤ ባንቺ ረድፍ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ቅዳሜ በቅዳሜ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። በዚያውም በሕይወት እያለሽ ልነግርሽ ወኔ ያጣሁለትን ነገር እነግርሻለሁ።

ሐኪሙን ታስታውሺዋለሽ። ሁለታችንንም ፊቱ አስቀምጦ፣ ወረቀቶቻችንን እያገላበጠ፣ «እህትማማቾቹ ስኳሩንም ተካፍላችሁታል» ያለን ሰውዬ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ሲሰማ «እርስዎን ቀድሞ የሚነካዎት ዓይንዎን ነው» አለኝ። ክብደት ብንቀንስና የቀነስነውን ብንጠብቅ እኔ ዓይኔን፣ አንቺ ልብሽን ልናተርፍ እንደምንችል ነገረን። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆምሽ። ትንፋሽሽ እስኪመለስ መደገፊያውን ይዘሽ፣ «ሰማሽ ጩጬ? ጠብቁ ነው ያለው። መቀነስማ ሠርግ ነው፤ ሰው ያጨበጭብልሻል። መጠበቅ ግን ትዳር ነው፤ ማንም አያይሽም» አልሽኝ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላም ጩጬ ነበርኩ።

ሚዛን ግን እምቢ አልሽ። «ሚዛን ለሽንኩርት ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ በሜትር እንለካለን» ብለሽ ደብተር ገዛሽ፤ ሁለት ረድፍ አሰመርሽበት። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከመክፈታችን በፊት አንቺ የእኔን ወገብ፣ እኔ ያንቺን፣ ከእናታችን በወረስነው የጨርቅ ሜትር። በየጠዋቱ እስከ ድልድዩ አርባ ደቂቃ መሄድ፤ ዝናብም ቢሆን። የሳህናችን ግማሽ ጎመንና ካሮት። ሻይ ያለ ስኳር። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ኩሽና የተዘጋ መሥሪያ ቤት ነበር። እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ እስከ ሱቃችን በር ድረስ፣ በእግር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እንዳልሳቅን፣ በዓመት ከመንፈቅ እኔ ከመቶ ወደ ሰባ ስምንት፣ አንቺ ከመቶ አሥራ አምስት ወደ ዘጠና አምስት ወረድን። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ጭብጨባው ቆመና ትዳሩ ጀመረ።

ያንቺን ትዳር ያፈረሰው ጉልበትሽ ነው። ለአንድ ወር ብቻ ብለሽ ጉዞውን አቆምሽ፤ ወሩ ዓመት ሆነ። የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ ከቁልፎቹ ሥር ብስኩት እንደምትደብቂ አውቅ ነበር፤ ለደንበኛ ቁልፍ ስመርጥ ፍርፋሪው በጣቴ ይመጣ ነበር። ሜትሩም አወቀ። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ዘጠኝ። ዘጠና ዘጠኝ ያልኩሽ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሳትናገሪ ዋልሽ፤ ቆርቆሮውንም ባዶ አደረግሽው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሜትሩን በወገብሽ ዙሪያ አዞርኩት። መቶ ይላል። ቀና ብዬ ፊትሽን አየሁ፤ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይንሽን ጨፍነሻል። ሳብኩት። እታለም፣ አጥብቄ ሳብኩትና «ዘጠና ሰባት» አልኩሽ። ፈገግ አልሽ። ያን ቀን አንድም ብስኩት አልበላሽም። እኔ ሞኟ መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። እየጨመርሽ በሄድሽ ቁጥር እጄም እየጠነከረ ሄደ። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ላላ አድርጌ ሳየው መቶ አራት ነበርሽ፤ ደብተሩ ላይ መቶ አንድ ጻፍኩ። «ያን ያህልም አልከፋ፤ ሐኪሙ ጋ የዛሬ ወር እንሄዳለን» አልሽ። እኔም እሺ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት ካውያውን እንደያዝሽ ወደቅሽ።

ይኸው ያልነገርኩሽ ነገር። በልቤ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ በወረቀት ሲሆን እንዲህ አጭር መሆኑ ይገርማል።

ከቀብርሽ በኋላ ሱቁን ስከፍት በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር አደረግኩ። መቀስ ሲጠፋኝ የምታገኚልኝ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺ ከሌለሽ እንዳይጠፋብኝ ያንን ትልቁን የብረት መቀስ በሜትሩ ጫፍ አስሬ ሁለቱንም ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኳቸው። ሌላው ደግሞ፣ ወይዘሮ ጥጥን፣ ያቺን ባለ እንጨት እግር ማኒኪናችንን፣ አረንጓዴውን የሥራ ቀሚስሽን አለበስኳትና ቀሚሱ እስኪሞላ ድረስ ከውስጥ ጥጥና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅኩባት። ጥጡ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በጥቅጥቅ ስፌት ሰፋሁት። ለመለካት መምጣት ለማይችል ደንበኛ የምናደርገውን ነው ያደረግኩት። ስጨርስ ለካኋት፤ መቶ አራት። ባንቺ ረድፍ ጻፍኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ረድፍ የገባ የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ሲመጣ መጀመሪያ ራሴን፣ ቀጥሎ አንቺን መለካት ልማድ ሆነ። እኔ ሰባ ስምንት። ሁልጊዜ ሰባ ስምንት። አንቺ በሁለተኛው ወር መቶ ሦስት ከግማሽ ሆንሽ። የዓይኔ ነው ብዬ ደግሜ ለካሁ። በአራተኛው ወር መቶ ሦስት። ጥጡ ተጨምቆ ይሆናል ብዬ ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ቀሚሱም አልሰፋሽም፤ ወገቡ ላይ ያለው ቁልፍ እንደ ድሮው ክሩን ወጥሮ ይዞታል። ቀሚሱ ያው፣ ቁጥሩ ግን ይወርዳል።

በአሥረኛው ወር መቶ አንድ ላይ ደረስሽ።

የዚያን ጠዋት ወንበር ስቤ ፊት ለፊትሽ ተቀመጥኩ። ውሸቴን እውነት ልታደርጊልኝ የመጣሽ መሰለኝ። በሕይወት ያልሆነልሽን እዚያ ሆነሽ በየሳምንቱ እየለፋሽ፣ እኔ የጻፍኩት ቁጥር ላይ እስክትደርሺ። «ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?» ብዬ በድምፅ ጠየቅኩሽ። አንገት የላትም እንጂ ወይዘሮ ጥጥ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ግን አልቆምሽም። መቶ። ዘጠና ዘጠኝ። ያኔ ፍርሃት ያዘኝ፤ የት ድረስ ልትሄጂ ነው? በዚህ አካሄድሽ አንድ ቀን እኔ ላይ ትደርሻለሽ። ሁለቱ ረድፎች አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ከሁለታችን ማናችን ደረጃውን ወርደን ወደ ቤት እንደምንሄድ አላውቅም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼሽ መስፋት ተውኩ፤ መኪናውን ወዳንቺ አዞርኩት።

ሌላም ነገር ጀምሮ ነበር። ጠዋት ደረጃውን ስወጣ ከሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ትንፋሽሽን እሰማለሁ። ያንቺን ትንፋሽ ማን ያጣዋል፤ መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት ያላት። ከኋላዬ ናት፣ ግን ዞር ስል ማንም የለም። የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ስገልጥ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ጀርባሽ ያልፋል፤ ያ ሰፊ ትከሻሽ፣ ያ ወደ ግራ ያዘነበለ አረማመድሽ። ልንገርሽ፣ እፈራ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ሳልሰማሽ የወጣሁ ቀን ይከፋኛል። ምሳ ስቋጥር አሁንም ለሁለት ነበር የምቋጥረው፤ ያንቺን ድርሻ መጣል ስለማልችል ሁለቱንም እበላዋለሁ። ድልድዩ ድረስ መሄዱንም ቀስ በቀስ እመንገድ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ዘንድ አሳጠርኩት፤ አንቺ የምታርፊበት ነበር። የሐኪሙን ቀጠሮ ሁለቴ ተውኩ። ምን ልሁን ብዬ ነው የምሄደው? ሰባ ስምንት ነኝ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አስቸግሮኝ ነበር፤ እሱን በአምፖሉ አሳበብኩ።

ነገሩን የገለጠችው የጥርስ ሐኪሟ ናት፤ ያቺ ቸኩላ ተናግራ ቸኩላ የምትሄደው ደንበኛችን። ለልጇ ምርቃት ቀሚስ አዘዘችና መምጫ ጊዜ ስላልነበራት ልኬቷን ራሷ ቤቷ ለክታ በስልክ ላከችልኝ። ሰፍቼ ስጨርስ መጥታ ለበሰችው። እንደ ድንኳን ሰፋት።

«እትዬ፣ ሁለት ሆኜ እንድገባበት ነው?» አለችኝ።

«የላኩልኝን ቁጥር ነው የሰፋሁት።»

«እኔ ጥርስ ሳወልቅ አንድ ሚሊ ሜትር አልስትም፤ ወገቤን እስታለሁ?»

ተናደድኩባት። ማታለሏን ላሳያት ብዬ መቀሱን ፈታሁና ሜትሩን ይዤ ምድር ቤት ወዳለው ጨርቅ ሻጭ ወረድኩ። እሱ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ በሚስማር የተመታ የብረት ሜትር አለው። የእኔን ከላዩ ዘረጋሁት። ዜሮው ከዜሮው ገጠመ። የእኔ መቶ ግን ከብረቱ ጫፍ አልፎ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ወጥቶ ተንጠለጠለ።

ጨርቅ ሻጩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ይቺ ሜትር ናት ወይስ ላስቲክ? ምን አንጠልጥለሽባት ነው?»

መቀሱን። አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ቀንም ማታም፣ ያንን ሁሉ ብረት አንጠልጥዬባት ነው። ሌላ ደንበኛ አንድም ቀን ያላማረረው ሰውነታቸውን የምለካውም ጨርቃቸውን የምቆርጠውም በዚያው በተለጠጠው ሜትር ስለነበረ ነው፤ ስህተቱ ራሱን በራሱ ያጣፋ ነበር። ቁጥር ከውጭ ያመጣችው የጥርስ ሐኪሟ ብቻ ናት። አንቺ አልቀነስሽም፣ እታለም። ሜትሩ ነው የረዘመው። ለማይለወጥ ነገር ሜትር ሲረዝምበት ቁጥሩ ይወርዳል። የእኔ ቁጥር ያልወረደውስ?

ወደ ሱቁ ስመለስ ደረጃው ላይ ይህን እያሰብኩ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ትንፋሽሽ መጣች፤ ከነፉጨቷ። ቆምኩ። አልዞርኩም። ትንፋሼን ያዝኩ።

ያንቺም ቆመ።

ለቀቅኩት። ፉጨቱ ከገዛ ደረቴ ወጣ። ደግሜ ያዝኩ፤ ደግሜ ለቀቅኩ። መደገፊያውን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ወጥቼ የመለኪያ ክፍሉን መጋረጃ ገለጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ሳልሰብር መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ጀርባሽ እዚያው ነበር። እጄን ሳነሳ እጅሽን አነሳሽ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ቁጥሩን አየችና ዓይኔን አስመረመረችኝ። «ጀምሮዎታል» አለችኝ። «ገና ነው። አሁኑኑ ወደ ድሮው ከተመለሱ ባለበት ሊቆም ይችላል። ትንሽ ቆይተው ቢመጡ ግን ይህን አልልዎትም ነበር።» ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ሚዛን ለሽንኩርት ነው።

ቅዳሜ ልጅሽ መጣች። ከምትሠራበት ፋርማሲ አዲስ ሜትር አምጪልኝ ብያት ነበር፤ ለምን እንደሆነም ነግሬያት ነበር። እጄን አነሳሁ።

«እንዳትስቢ» አልኳት።

«እኔ አልስብም። አንቺ ግን ሆድሽን ልቀቂው፣ አክስቴ።»

ሆዴን ይዤ እንደነበር አላወቅኩም። ለቀቅኩት። ሰማንያ ሰባት። ግማሹን የዋሸኝ ሜትሩ ነው፤ ግማሹን እጄ ነው። አንቺ ላይ የለመደ እጅ እኔም ላይ መሳቡን አልተወም፤ እኔው አላየሁትም እንጂ።

ከዚያ ወይዘሮ ጥጥን ለካናት። ልጅሽ ሜትሩን አዞረች፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። መቶ አራት። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ፀጉር ሳይጨምር ፀጉር ሳይቀንስ። ማክሰኞ ዕለት ካውያሽን ይዘሽ ስትወድቂ አላለቀስኩም ነበር፤ ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት አለኝ። ያለቀስኩት በዚህ ቅዳሜ ነው። የሞትሽብኝ በዚህ ቅዳሜ ነው።

ልጅሽ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እኔም ያንን ነገር፣ መሳቡን፣ መቶ አንዱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትጠላኛለች ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያየች፣ «እማዬ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በየወሩ ፋርማሲ እየመጣች እኛ ጋ ትመዘን ነበር። አክስትሽ እንዳትሰማ ትለኛለች። ‹ሜትሩን ስባ ቁጥሩን ስትነግረኝ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ፤ አላሳፍራትም› አለችኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት ሰኞ ትላለች። ሰኞ ሲመጣ በሚቀጥለው ሰኞ። እኔም ለአንቺ አልነገርኩሽም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። አንቺ እኔን ላለማሳፈር፣ እኔ አንቺን ላለማስከፋት፣ ልጅሽ ሁለታችንን ላለማጣላት። ሦስት ሴቶች እየተሳሰብን አንቺን ቀበርን። ተናድጄብሻለሁ፣ እታለም። ዓይንሽን የምትጨፍኚው ፈርተሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንድዋሽ ጊዜ እየሰጠሽኝ ኖሯል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጩጬ፣ አትሳቢ» ብትዪኝ ምን ነበረበት? እኔስ አንድ ጊዜ ብቻ ብተወው ምን ነበረበት?

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። ወይዘሮ ጥጥን ፈትቼ ጥጡን አውጥቻለሁ፤ ቀሚስሽን ልጅሽ ወሰደችው። ምሳዬን ለአንድ ሰው ነው የምቋጥረው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እጄ ሁለት ማንኪያ እየጨለፈ አስቸግሮኝ ነበር። ጠዋት አግዳሚው ወንበር ጋ ስደርስ እግሬ ይቆማል፤ እሰድበውና ይሄዳል። ባለፈው ረቡዕ በዝናብ ድልድዩን ነካሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትለካኝ ልጅሽ ናት፤ እጇ እንዳንቺ ሰፊ ነው፣ አይስብም። ሰማንያ አራት ነኝ። ይህ ሠርጉ ነው፤ ትዳሩን ደግሞ እናያለን።

አንድ የከበደኝ ነገር ግን አለ፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። በየሳምንቱ እየቀነስኩ ስሄድ አንቺም እየራቅሽ ነው። ድሮ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ትከተዪኝ ነበር፤ አሁን በሩ ጋ ስደርስ ብቻ ነው የምትመጪው፤ እሱም ለሁለት ትንፋሽ። ትናንት ጭራሽ አልመጣሽም። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ሮጬ ብወርድና ሮጬ ብወጣ እንደምትመጪ አውቃለሁ። አንድ ወር እንደልቤ ብበላ ተመልሰሽ ከኋላዬ እንደምትቆሚም አውቃለሁ። ሊያጓጓኝ ሞክሮ ነበር፤ አልዋሽሽም፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም።

ግን ልጅሽ ከታች «አክስቴ፣ ደረስሽ?» ብላ ጮኸች። ድምፄ ሳይቆራረጥ መለስኩላት።

ስለዚህ እንሰነባበት። ናፍቀሽኛል፤ ተናድጄብሻለሁ፤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ። ደረጃው ላይ አትጠብቂኝ።

ቶሎ አልመጣም።

ታናሽሽ
ጩጬ